ሰርቨሩ ጤነኛ፣ መስኮቱ የቆመ፦ የመሸጎጫ ደንበኛ መተግበሪያዎችን ስለ መከታተል

ይህን ክር (የመድረክ ውይይት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 17 ደርሰው፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ቀደም ሲል የተመለሰውን መልሶ ሲጠይቅ ስላየሁ፣ ምን እንደተባለ በየቁጥሩ በራሴ አገላለጽ አስፍሬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተሳሳትኩበትንም አላስቀረሁም።

የመክፈቻው ጽሑፍ ይህን ይል ነበር። በሰሜን ሸዋ ቅርንጫፎች ባሉት አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የሲስተም ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሰርቨሮቻችን ደብረ ብርሃን ናቸው። የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢት፣ የመሃል ሜዳና የዓለም ከተማ ቅርንጫፎች መተግበሪያዎች የቆጣቢውን መረጃና የብድር አከፋፈል ሰንጠረዡን በቅድሚያ ከመሸጎጫው፣ ማለትም መረጃን በሜሞሪ ይዞ ቶሎ ከሚመልሰው ማከማቻ፣ ያነባሉ፤ እዚያ ያላገኙትን ብቻ ከዳታቤዙ ያመጣሉ። መሸጎጫው ሬዲስ የሚባል ሶፍትዌር ነው፤ ሦስት ዋናና ሦስት ተጠባባቂ ኖዶች (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች) ያሉት ሲሆን፣ መረጃው በ16384 ክፍልፋዮች ተመድቦ ለሦስቱ ዋና ኖዶች ተከፋፍሏል። በኅዳር ወር፣ የመሃል ሜዳ ቅርንጫፍ የአገልግሎት መስኮት በየጠዋቱ እየቆመ አስቸገረን። ባልደረባችን በስልኩ ቀርጾ በላከልኝ ቪዲዮ ላይ፣ ጋቢ የደረቡ አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን መደርደሪያው ላይ ዘርግተው ቆመዋል፤ በስክሪኑ መካከል ደግሞ ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ እናቲቱ ደብተሩን አጥፈው መልሰው ይዘረጉታል። በዚያው ደቂቃ እኔ ፊት ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ሲፒዩው ዝቅ ያለ፣ ሜሞሪው ከግማሽ በታች፣ የኖዶቹ መብራቶች በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ።

ምክንያቱ የተገኘው ክላየንት ሊስት የሚባለውን ትእዛዝ በአንዱ ኖድ ላይ ስሰጥ ነው። ትእዛዙ ከኖዱ ጋር የተገናኘውን እያንዳንዱን ፕሮግራም በአንድ መስመር ይዘረዝራል፤ አድራሻው፣ ስሙ፣ ከተገናኘ ስንት ሴኮንድ እንደሆነው፣ ያለ ሥራ ስንት ሴኮንድ እንደቆየና በመጨረሻ የሰጠው ትእዛዝ በየመስመሩ ይታያል። በስክሪኔ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ወረዱ። አብዛኞቹ ከአንድ አድራሻ የመጡ ናቸው፤ የስም ቦታቸው ባዶ ነው፤ ያለ ሥራ የቆዩበት ጊዜ አንዳንዶቹ ላይ ከ31000 ሴኮንድ በላይ ነበር፤ ይህም ከስምንት ሰዓት ተኩል ይበልጣል። የሌሊቱ የብድር ሪፖርት ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተበዳሪ አዲስ ግንኙነት እየከፈተ አንዱንም ሳይዘጋ ያድር ነበር። ሬዲስ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ሥራ የፈታ ግንኙነትን አይቆርጥም፤ የጊዜ ገደቡ ሲጫን ጀምሮ 0 ነው፣ ይህም ገደብ የለም ማለት ነው። የግንኙነት ጣሪያችን 10000 ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ግንኙነት እንደ አንድ ክፍት ፋይል ስለሚቆጠርና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለሬዲስ የፈቀደለት 4096 ክፍት ፋይል ብቻ ስለነበር፣ ሬዲስ ለራሱ 32 አስቀርቶ ጣሪያውን ወደ 4064 አውርዶታል። ይህንንም ሲነሣ በሎጉ (በሥራ መዝገቡ) ላይ በአንድ መስመር ጽፎት ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን የለም። ሌሎቹ ቅርንጫፎች ኮምፒውተሮቻቸውን ሳያጠፉ ስለሚያድሩ የያዙትን ግንኙነት አልለቀቁም፤ መሃል ሜዳ ማታ አጥፍቶ ጠዋት ስለሚከፍት፣ አዲስ ግንኙነት ሲጠይቅ በሩ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ሪፖርቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ መስኮቱም ይነሣል። ከዚህ ተነሥቼ፣ የተከፋፈለ መሸጎጫን የሚከታተል ሰው ኖዶቹን ከመመልከቱ በፊት የሚጠቀሙባቸውን መተግበሪያዎች መመልከት አለበት፤ የኖዶቹ ጤንነት ስለ መስኮቱ ምንም አይነግረንም የሚል አቋም አስቀመጥኩ።

መልስ 1 የመጣው ከደብረ ሲና ነው። ጸሐፊው በትሕትና ካመሰገኑ በኋላ፣ ሁሉም ደንበኛ መተግበሪያ ሲገናኝ ስሙን እንዲናገር ማስገደድ የመጀመሪያው ሥራ እንደሆነ አሳሰቡ። ለዚህም ክላየንት ሴትኔም የሚባል ትእዛዝ እንዳለ፣ በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድ ቅርንጫፉን፣ የሥራውን ዓይነትና የኮምፒውተሩን ቁጥር በሰረዝ አያይዞ መጻፍ እንደሚሻል አስረዱ። ስሙ የግንኙነቱ እንጂ የፕሮግራሙ ስላልሆነ፣ መስመሩ ተቋርጦ ሲቀጠል ይጠፋል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ላይ መደገም አለበት። ከ7.2ኛው እትም ጀምሮ ደግሞ ፕሮግራሙ የተሠራበት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የራሱን ስምና እትም ማስታወቅ እንደሚችል አከሉ። ከአሥራ ሰባቱ መልሶች ሁሉ በማግስቱ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ነው።

መልስ 2 አረመኝ፤ እርማቱም ትክክል ነበር። ጸሐፊዋ እንዳሳዩኝ ሰርቨሩ ዝም አላለም። ኢንፎ የሚባለው ትእዛዝ በዚያች ሰዓት የተገናኙትን ፕሮግራሞች ብዛትም፣ ጣሪያው በመሙላቱ የተመለሱትን ግንኙነቶች ድምርም ይሰጣል። እኔ ሰሌዳዬ ላይ ያወጣሁት ሲፒዩና ሜሞሪ ብቻ ነው፤ የተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ሲፒዩን አያደክምም፣ ሜሞሪም አይሞላም። እንግዲህ ጥፋቱ የሰርቨሩ ሳይሆን የምርጫዬ መሆኑን ተቀብዬ፣ ምንም አይነግረንም ያልኩትን ወደ ሁሉንም አይነግረንም ለውጫለሁ። በዚያው ቀን ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጨመርኩ፤ የተመለሱት ቁጥር ከዜሮ ፈቀቅ ሲል ስልኬ እንዲጮኽ አደረግኩ።

መልስ 3 ሜምካሼድ የሚባል ሌላ መሸጎጫ በሚጠቀም ሰው የተጻፈ አጭር መልስ ነበር፦ እዚያ ግንኙነት ስም የለውም፣ በአድራሻ ብቻ ይለያል፣ ጣሪያውም ሲጫን 1024 ነው።

መልስ 4 ከሸዋ ሮቢት የመጣ ታሪክ ነው። አንድ ባልደረባቸው ፕሮግራሞቹ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ሞኒተር የሚባለውን ትእዛዝ ከፍቶ፣ ስክሪኑን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ። ትእዛዙ ሰርቨሩ የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር ለተመልካቹ ይልካል፤ አንድ ተመልካች ብቻ የሰርቨሩን የሥራ አቅም ከግማሽ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል የሬዲስ መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲስተሙ ሲያዘግም አድሮ፣ ጠዋት ሲመረመር ጥፋተኛው ራሱ ክትትሉ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ስለ ፍጥነቱ ብቻ አልተጨነቁም። በዚያ ክፍት ስክሪን ላይ የቆጣቢዎች ስምና ቀሪ ሒሳብ ሲፈስ አድሯል፤ የጽዳት ሠራተኛም ሆነ ጥበቃ ማንበብ ይችል ነበር። ይህን ሳነብ በእኛም ቤት ትእዛዙ ለማን እንደተፈቀደ ወዲያው አጣራሁ፤ ለሁሉም ክፍት ሆኖ አገኘሁት፤ ዘጋሁት።

መልስ 5 ስለ ሰዓት ነበር፤ የእኔንም ቁስል ነካ። መሃል ሜዳ መስኮቱ በ3 ሰዓት ቆመ ብለው ሲያመለክቱ፣ ሶፍትዌሩን የሠራልን ድርጅት ባለሙያ የ3 ሰዓቱን ሎግ ከፍቶ አንዳች ችግር የለም ሲል ጻፈልን። ያየው የንጋቱን 12 ሰዓት ነው። ቅርንጫፉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሲሆን፣ ሰርቨሩ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጽፍ በሎጉ ላይ 6 ሰዓት ሆኖ ነው የሚገኘው። ለአንዲት ቅጽበት ሦስት ቁጥሮች ማለት ነው። በዚህ ሁለት ቀን አለፈብን። ጸሐፊው የመከሩት፣ ቅርንጫፍ ችግር የሚያመለክትበት ቅጽ ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ ራሱ ወስዶ እንዲሞላ፣ ሰው በእጁ እንዳይጽፈው ነው። ዋና ሥራችን የሰዎቹን ሰዓት ማረም ሳይሆን እነሱ በለመዱት ሰዓት የተናገሩትን በትክክል መረዳት ስለሆነ፣ ምክሩን ወድጄዋለሁ።

መልስ 6 ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ አለ። ጸሐፊው ካሽ የሚለው ቃል በገንዘብ ተቋም ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ማለት ስለሆነ፣ ካሹ ጎደለ የሚል መልእክት ለገንዘብ ያዥ ቢደርስ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት ብለው፣ ስልኮቻችን ላይ የተለመደውን መሸጎጫ እንድንጠቀም ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ እኔም በዚሁ ጸንቻለሁ። ደንበኛ የሚለውም ግራ ያጋባል፤ በዚህ ክር ደንበኛ ፕሮግራሙ ነው፣ ሰውየው ቆጣቢ ይባል።

መልስ 7 ቁጣ የተቀላቀለበት ነበር። እርስዎ እያለ የመጣው ክር እዚህ ላይ አንተ ማለት ጀመረ። ጸሐፊው ለጥቂት ቅርንጫፍ የተከፋፈለ መሸጎጫ መትከል ለታይታ የተደረገ ነው፣ አንድ ሰርቨር ይበቃህ ነበር፣ የክትትሉ ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው አሉ። ለዚህ በመልስ 8 ምላሽ ሰጥቻለሁ፦ የተከፋፈለው ለብዛት ሳይሆን አንዱ ኖድ ሲወድቅ ቅርንጫፎቹ እንዳይቆሙ ነው፤ ግንኙነት የማይዘጋ ፕሮግራም ደግሞ አንድም ሰርቨር ቢሆን ጣሪያውን ይሞላዋል። ሆኖም ተቺው የነኩት አንድ እውነት አለ። በክላስተር፣ ማለትም ኖዶቹ በአንድነት በሚሠሩበት አደረጃጀት፣ ውስጥ ደንበኛው ከሁሉም ዋና ኖዶች ጋር ስለሚገናኝ፣ አንድ መተግበሪያን ለመከታተል ሦስት ዝርዝር አምጥቶ በስም ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው አንድ ሦስተኛውን ነው ያየው። ይህ ድካም ነው፤ ድካሙን አልክድም።

መልስ 9 እና መልስ 10 እርስ በርስ ተጋጩ። የመጀመሪያው የኔትወርክ ሰው ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ የመሃል ሜዳን መስመር ሳያዩ፣ ሁሉን ነገር በኔትወርኩ ያሳብባሉ ሲል ወቀሰ። ሁለተኛዋ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ ስሎው ሎግ የሚባለውን የዘገዩ ትእዛዞች መዝገብ አይታ አንድም የዘገየ ትእዛዝ እንዳላገኘች፣ ስለዚህ መዘግየቱ የመስመሩ መሆኑን በቁጣ መለሰች። ሁለቱንም ሳነብ የጎደለው ነገር አንድ ነው። ስሎው ሎግ የሚመዘግበው ትእዛዙ ሰርቨሩ ውስጥ የሚፈጸምበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲጫን ጀምሮ ከ10000 ማይክሮ ሴኮንድ በላይ የወሰደውን ይይዛል፤ በመንገድ ላይ ያለፈው ጊዜ ግን አይቆጠርበትም። ደንበኛው ተራ ሲጠብቅ፣ ግንኙነት ሲለምን፣ ወይም ራሱ ፕሮግራሙ ቆሞ ሜሞሪውን ሲያጸዳ ያለፈውም እንዲሁ። መዝገቡ ባዶ ሆነ ማለት ሰርቨሩ ነጻ ነው እንጂ ኔትወርኩ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። አወያዩ ገብተው ሁለቱንም በጨዋነት ከገሠጹ በኋላ ክሩ ወደ መሥመሩ ተመለሰ።

የዚህን ጠብ እልባት የሰጠው መልስ 11 ነው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ አንድ ጸሐፊ የላኩት። ጊዜው መለካት ያለበት በደንበኛው ውስጥ ነው፦ መተግበሪያው ግንኙነት ከጠየቀበት ቅጽበት አንስቶ እስካገኘበት አንድ ልኬት፣ ትእዛዙን ከላከበት መልሱ እስከ ደረሰበት ሌላ ልኬት። የመጀመሪያው ከረዘመ ጥፋቱ የግንኙነት እጥረት ነው፤ ሁለተኛው ረዝሞ ስሎው ሎጉ ባዶ ከሆነ፣ ነገሩ ያለው በመንገዱ ላይ ወይም በራሱ በደንበኛው ውስጥ ነው። አማካይ ቁጥርንም አትመኑ አሉ። ከ100 ጥያቄ 98ቱ በ2 ሚሊ ሴኮንድ ተመልሰው ሁለቱ 3 ሴኮንድ ቢፈጁ አማካዩ 62 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይሆናል፤ ሰሌዳው ላይ ያ ቁጥር ምንም አያስደነግጥም፤ በመስኮቱ ፊት ግን በየቀኑ ክቧን ሲያዩ የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ይህን መልስ አትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። እናቲቱ በቪዲዮው ላይ ደብተራቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ የነበሩት ከእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች በአንደኛው ውስጥ ነው።

መልስ 12 የመብራትን ጉዳይ አነሣ። በቅርንጫፍ መብራት ድንገት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ግን ግንኙነቱ ሕያው ይመስለዋል። ሬዲስ በየ300 ሴኮንዱ ወደ ደንበኛው ምልክት እየላከ ያረጋግጣል፤ በሊኑክስ ላይ የሞተውን ግንኙነት ለመዝጋት የዚህ እጥፍ ሊወስድ ስለሚችል፣ ዐሥር ደቂቃ ያህል በዝርዝሩ ላይ የማይገኙ ሰዎች ወንበር ይዘው ይቆያሉ ማለት ነው። የባሰው የሚመጣው መብራቱ ሲመለስ ነው፤ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ ተነሥቶ በሩን ይመታል። ጸሐፊው መተግበሪያዎቹ እንደገና ከመገናኘታቸው በፊት እያንዳንዱ በዕጣ የወጣለትን የተለያየ ጊዜ እንዲጠብቅ መከሩ። ከዚያ የደብረ ብርሃን ውርጭ በጄኔሬተር ባትሪ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ረዘም አድርገው ጻፉ፤ ሰምተነዋል፤ የዚህ ክር ጉዳይ ግን አይደለም።

መልስ 13 ስለ ፈቃድ ለውጥ ነው። ሬዲስ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የፈቃዱን ዓይነት ሲቀይር በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ከሬዲስ ኮድ የተገነጠለ ቫልኪ የሚባል ሶፍትዌር ተፈጥሯልና ለምን ወደዚያ አትሻገሩም የሚል ጥያቄ ነበር። የክትትል ትእዛዞቹ በሁለቱም አንድ ስለሆኑ፣ ለዚህ ክር የሚለወጥ ነገር የለም ብዬ አለፍኩት።

መልስ 14 ላይ ልዘግይ፤ ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጸሐፊዋ ያነሡት፣ መተግበሪያው ደጋግሞ የሚያነበውን መረጃ በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ሲያስቀምጥ የሚሆነውን ነው። እኛም ከመልስ 8 በኋላ፣ መስመር ለመቆጠብ፣ በዓለም ከተማ ይህን ጀምረን ነበር። ያኔ ሰርቨሩ ላይ የሚታየው የስኬት ምጣኔ፣ ማለትም ተፈልጎ የተገኘው ከጠቅላላው ያለው ድርሻ፣ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቀላሎቹ ጥያቄዎች እዚያው ደንበኛው ጋ ተመልሰው ወደ ሰርቨሩ የሚደርሱት አስቸጋሪዎቹ ብቻ ስለሚሆኑ ነው። ሰርቨሩን ብቻ የሚያይ ሰው መሸጎጫው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ሲስተሙ ግን በእውነቱ ተሻሽሏል። ስለዚህ ምጣኔው ደንበኛው ከራሱ ሜሞሪ የመለሰውንም ቆጥሮ ካላስታወቀ በቀር ትርጉም የለውም።

አስጊው ነገር ከዚያ ይቀጥላል። በደንበኛው ሜሞሪ ያለው ቅጂ እንዳያረጅ፣ መረጃ ሲለወጥ ሰርቨሩ መልእክት ያሰራጫል፣ ደንበኛውም ቅጂውን ይጥላል። የዓለም ከተማ መስመር ሲያዘግም መልእክቶቹ በሰርቨሩ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ሬዲስም ለእንዲህ ያለ ተቀባይ የተጠራቀመው 32 ሜጋባይት ሲደርስ፣ ወይም ለ60 ሴኮንድ ያለማቋረጥ ከ8 ሜጋባይት በላይ ሲሆን፣ ግንኙነቱን ይቆርጣል። በተቆረጠበት ጊዜ የተላለፈ መልእክት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ደንበኛው ተቀጥሎ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ሲቀጥል፣ በእጁ ያለው ቀሪ ሒሳብ የትናንቱ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን ትናንት ያስገባ ገበሬ ዛሬ መስኮቱ ላይ አላስገባህም ሊባል ነው። መዘግየት ሰውን ያስቆማል፤ ይህ ግን ሰውን ውሸታም ያደርገዋል። የጸሐፊዋ መፍትሔ አጭር ነው፦ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ደንበኛው የያዘውን ቅጂ በሙሉ ይጣል፣ መጣሉንም ይመዝግብ፤ ሰርቨሩ ላይም በክላየንት ሊስት ውስጥ ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተጠራቀመውን መጠን የሚያሳየው ቁጥር ይታይ። ይህን አንብቤ እስክጨርስ አልጠበቅኩም፤ የዓለም ከተማውን የውስጥ ቅጂ በስልክ አስዘጋሁ፤ ቀሪ ሒሳብም ከዚያ በኋላ በደንበኛው ሜሞሪ እንዳይቀመጥ አድርገናል። የብድር ሰንጠረዡ ብቻ ይቀመጣል፤ እሱም በቀን አንዴ ነው የሚለወጠው።

መልስ 15 የመጣው መልስ 7ን ከጻፉት ሰው ነው። ስለ አነጋገራቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ በመልስ 14 ያለው አደጋ በእሳቸውም መሥሪያ ቤት እንዳለ ማጣራታቸውን አሳወቁ። እርስዎ ወደሚለውም ተመለሱ። መልስ 16 ሄዝልካስት የሚባለውን ሌላ የተከፋፈለ መሸጎጫ የሚጠቀሙ ሰው፣ በእነሱ ሲስተም ደንበኛው ስለ ራሱ ሜሞሪና ስለ ውስጥ ቅጂው በየጥቂት ሴኮንዱ ለክላስተሩ ሪፖርት ሊልክ እንደሚችል ጠቁመው፣ እኛ በእጃችን የምንሠራውን ያህል መድከም እንደሌለባቸው ጻፉ።

መልስ 17 አሁን ያለንበትን ጠየቀ። የሌሊቱ ሪፖርት ፕሮግራም ዐሥር ግንኙነት ብቻ ይዞ በተራ እንዲጠቀምባቸው ተደርጎ ተስተካክሏል፤ የክፍት ፋይሉ ጣሪያም ከፍ ብሏል፤ መሃል ሜዳ ጠዋት ሲከፍት በሩን ክፍት ያገኘዋል። ዛሬ ጠዋት ሦስቱን ዝርዝሮች አዋሕጄ ስመለከት ስም የሌላቸው ሁለት ግንኙነቶች ቀርተዋል፤ የላይብረሪ እትማቸውም ባዶ ነው። ሁለቱም ከዓለም ከተማ ናቸው። እዚያ ያለችው ባልደረባዬ በመጋዘኑ አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር ሄዳ ስታይ፣ ማንም ያላዘመነው የቆየ መተግበሪያ አሁንም በርቶ አገኘችው፤ ቀሪ ሒሳብ በሜሞሪው ይዞ እንደሆነ ገና አላጣራንም። እስክናጣራ ድረስ ከዚያ ኮምፒውተር ለማንም ቆጣቢ ሒሳብ እንዳይነገር ነግሬያታለሁ፤ ውጤቱን በመልስ 18 አስቀምጣለሁ።